እግሩ ለበሰበሰ ወንበር አዲስ ጫፍ

እስቲ ይህን ገጽ ከመቀጠላችሁ በፊት ከምግብ ጠረጴዛችሁ ወንበሮች አንዱን ገልብጡትና የእግሩን ጫፍ ተመልከቱ። ጠቁሯል? በጥፍራችሁ ስትጫኑት ይሰረጉዳል? እንግዲያው ጥፋተኛው ምስጥ ሳይሆን የቅዳሜ ጠዋት ውልወላ ሊሆን ይችላል።

እንጨት ቁመቱን ተከትለው በሚሄዱ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅርንጫፍ የሚወጣው በእነዚሁ ነው። ዛፉ ተቆርጦ የወንበር እግር ከሆነ በኋላም የቱቦዎቹ አፍ ወደ ወለሉ ተከፍቶ ይቀራል። ጎኑ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ የታችኛውን ጫፍ ግን ማን አይቶት ይቀባዋል? ወለሉ በታጠበ ቁጥር እግሩ ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይጠጣል። ከዓመታት በኋላ የታችኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበሰብስና ወንበሩ መንገዳገድ ይጀምራል። ያኔ «ይሄማ አበቃለት» ይባላል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኮንዶሚኒየም ስትገባ እናቷ ስድስት የዋንዛ ወንበሮች ሰጧት። አራቱ እግራቸው በስብሶ ነበር። ባለቤቷ «ለቆራሌው እንስጣቸውና አዲስ እንግዛ» አለ። እናትየው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቡናቸውን ብቻ ጠጡ። «ዝምታቸውን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር» አለችኝ።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። አዲስ ነገር እንዲያምራችሁ ማድረግ እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ስነግራችሁ ከሙያዬ ጋር እየተጣላሁ ነው፦ የዋንዛ ወንበር እግሩ ስለበሰበሰ አይጣልም። ቺፑድ ውሃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ መመለሻ የለውም። ድፍን እንጨት ግን የበሰበሰው ተቆርጦለት ሌላ ሊቀጠልለት ይችላል። ዋንዛን ደግሞ እንደ ድሮው እንደልብ አታገኙትም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር።

የሚቀጠለው ጫፍ ከወይራ ቢሆን እመርጣለሁ። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ውስጡም ጠቆር ያለና ባለ መስመር ነው። ፈዘዝ ካለው ዋንዛ ሥር ሲቀመጥ ጥገና ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ጌጥ ይመስላል። (በመጋዝ ሲቆረጥ ሽታውን የወተት ዕቃ ያጠኑ እናቶች ወዲያው ያውቁታል።) ይህ ዘዴ በውጭ አገር የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከዋልነት በተሠራው የጠመንጃው እንጨት የፊት ጫፍ ላይ ዞጲ ወይም ሮዝውድ የመሰለ ጥቁር እንጨት ይለጥፋሉ። በ1945 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የጠመንጃ ሥራ የጀመረው ሮይ ዌዘርቢ በዚህ ስሙ ተጠርቷል፤ ጥቁሩ ጫፍ ዋናው እንጨት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ያስገባ ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊት ኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። እኔን አልገረመኝም! ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንጨት ዕቃን ውድ እንደሚያስመስል ሻጭ ቀድሞ ያያል።

አሁን ወደ አናጺው እንሂድ። በሚስማር መትቶ ሊሰጣችሁ ከፈለገ እሺ አትበሉ፤ ሚስማር አሮጌውን እግር ይሰነጥቀዋል። «ኮላ ብቻ ይበቃዋል» ካላችሁም አትቀበሉት። ውሃውን የጠጡት ቱቦዎች ኮላውንም ይጠጡታል፤ መገጣጠሚያው ላይ የሚቀረው ስስ ነገር ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ ሲያደርገው ይለቃል። መሃሉ ላይ ክብ የእንጨት ካስማ መግባት አለበት። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው እግር የ12 ሚሊ ሜትር ካስማ ጥሩ ነው፤ ጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካስማው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫፉ ውስጥ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እግሩ ውስጥ ይግባ። ካስማው ጎኑ ላይ ቀጭን ቦይ ይውጣለት፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ውስጥ የታፈነው አየርና ማጣበቂያ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይገፋዋል።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ ነጩ ኮላ ለመሳቢያና ለመደርደሪያ እንጂ በየሳምንቱ ውሃ ለሚነካው ጫፍ አይሆንም። ሁለቱን ክፍል ቀላቅለው የሚጠቀሙበትን ኢፖክሲ ጠይቁ። መጀመሪያ ሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ያቆየው፤ ቱቦዎቹ ይጥገቡ። ከዚያ ደግሞ ቀብቶ ይግጠመው። ወይራ ቅባት ስላለው ከመቀባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ በአሴቶን መጥረግ ያስፈልጋል። የወይራው መስመር ከእግሩ መስመር ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይሂድ፤ አግድም ከሆነ ይሰነጠቃል። ሞርሳውን ከልክ በላይ ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፤ ኢፖክሲው ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ 24 ሰዓት ማንም እንዳይቀመጥበት። ልጆች ካሏችሁ እዚያው አናጺው ዘንድ ይደር።

አዲሱ ጫፍ መጀመሪያ ከእግሩ ትንሽ ሰፋ ብሎ መቆረጡ የሥራው ቁልፍ ነው። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ ከእግሩ ጋር እኩል ሲሆን መገጣጠሚያው በእጅ አይታወቅም። አሮጌው ቫርኒሽ እንዳይፋቅ ከመገጣጠሚያው በላይ ፕላስተር ይለጠፍበት። የበሰበሰው አንድ እግር ብቻ ቢሆን እንኳ አራቱንም እኩል አስቆርጡ። ጎዶሎ ጌጥ ጥገናውን ያሳብቃል።

የባልደረባዬ ባል አሁን እንግዳ ሲመጣ ወንበር እየገለበጠ ያሳያል አሉ። እሱን ተዉትና እናንተ ስትገለብጡ አንድ ነገር ፈትሹ፦ የወይራው የታችኛው ፊት ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባቱን። ወይራም ቱቦ አለው። ለበዓል እንግዳ የጠራችሁ ከሆነ ደግሞ ወንበሮቹን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ በበዓል ዋዜማ ኢፖክሲ እስኪደርቅ የሚታገሥ አናጺ አይገኝም።