ለኬሬ ጭብጨባ፣ ለመስታወት ገንዘብ

ማርች 2022 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የፕሪትዝከር ሽልማት ማሸነፉ ተነገረ። በሥነ ሕንፃ ዓለም ትልቁ የሚባለውን ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። በየአገሩ ተጨበጨበለት፤ "የአህጉራችን ኩራት" ተባለ።

ከጭብጨባው በኋላስ? ዛሬም አንድ መንግሥት "አገር የሚያኮራ" ሙዚየም፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ምክር ቤት ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚታየው መስታወት ነው። ጭብጨባው ለሰውየው፣ ገንዘቡ ለመስታወት። ይህ ግብዝነት ነው፤ በስሙ ሊጠራ ይገባል።

ኬሬ በ1965 ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። በጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበረ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ከተማ ተላከ። በ1985 አናጺነት ሊማር ጀርመን ሄደ። ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ የመንደሩ ሴቶች እየተራ ከልብሳቸው የመጨረሻ ሳንቲማቸውን አውጥተው ይሰጡት እንደነበር ራሱ ይናገራል። እናቱን ምክንያቱን ቢጠይቃት፣ ተምሮ ተመልሶ መንደሩን እንዲረዳ ተስፋ አድርገው እንደሆነ ነገረችው።

ዕዳውን ከፈለ። ገና የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ የጋንዶን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2001 አስገነባ። በጭቃ ልሥራ ሲል ግን መጀመሪያ የተቃወሙት የገዛ ወገኖቹ ናቸው። ጀርመን ድረስ ተልኮ የተማረ ልጅ እንዴት ጭቃ ይዞ ይመጣል? አልተሳሳቱም። የሚያውቁት ጭቃ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚሟሟውን ነው።

ኬሬ አልሰበካቸውም። ናሙና ሠርቶ ሰው አቆመበት፤ ቻለ። ጭቃውን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ጠቅጥቆ ጡብ አደረገው። ግድግዳውን ከዝናብ የሚከልል ሰፊ ጣሪያ አለበሰው። ቆርቆሮውንም ከጡብ ኮርኒሱ ለይቶ በብረት ዘንግ ወደ ላይ አነሣው። በመሐሉ ነፋስ ያልፋል፤ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ክፍሉ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል። በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። ድንጋዩን ልጆች፣ ውሃውን ሴቶች አመጡ። በአማርኛ ደቦ የሚባለው ነው። በ120 ተማሪዎች የጀመረው ትምህርት ቤት እያደገ ሄዶ 700 ደረሰ።

"ይህ የመንደር ነገር ነው፤ ለትልቅ ሕንፃ አይሆንም" የሚሉ አሉ። መልሱ ሥራው ላይ ነው። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ የብሔራዊ ፓርኩን ሕንፃዎች ሠርቷል። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ ዳር የነደፈው የቴክኖሎጂ ማሠልጠኛ ደግሞ የአካባቢው ድንጋይ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጡት ረጃጅም ማማዎቹ ከአካባቢው ኩይሳ የተቀዱ ናቸው። ለቤኒን በፖርቶ ኖቮ የነደፈው ምክር ቤት ሐሳቡ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ከሚመክሩበት ዛፍ የተወሰደ ነው። የዋርካ ሥር ሸንጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ ኬሬን "የጭቃ አርክቴክት" ብሎ መሸኘት ማናናቅ ነው። የሚጠይቀው "ይህ ቦታ ምን አለው? ፀሐዩ ከየት ይመጣል? ማን ይሠራዋል?" እያለ ነው። ጭቃ ከመልሶቹ አንዱ ብቻ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን ከአየር ንብረት አይመጣም፤ ከሥልጣን ነው። ኦክቶበር 2014 የቡርኪና ሕዝብ የብሌዝ ኮምፓኦሬን የ27 ዓመት አገዛዝ ሲገረስስ ምክር ቤቱን አቃጠለው። ኬሬ በምትኩ ዜጋው በጣሪያው ላይ ወጥቶ ከተማውን የሚያይበት፣ እንደ እርከን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ምክር ቤት ነደፈ። ሕዝብ ከላይ፣ ተመራጮቹ ከሥር። ያ ሕንፃ ወረቀት ላይ ቀረ። በ2022 አገሪቱ በአንድ ዓመት ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አየች። ከዚያ ወዲህ ኬሬ የነደፈው የቶማስ ሳንካራ መካነ መቃብር፣ መሪው በተገደለበት ሥፍራ፣ በ2025 ተመረቀ። የሞተው መሪ ቤት አገኘ፤ በሕይወት ያለው ሕዝብ የሚወጣበት ጣሪያ ግን አላገኘም። ይህ ለአርክቴክቱም ጥያቄ ነው። ንድፍ የቱንም ያህል ሕዝባዊ ቢሆን ቁልፉ ያለው በከፋዩ እጅ ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ ጥያቄ አታመልጥም። በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በ200 ሚሊዮን ዶላር በቻይና ስጦታ ተሠራ። የአህጉሪቱ ሸንጎ እንኳ በስጦታ ተቀበለ እንጂ በራሱ እጅ አልሠራም። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ውስጥ መስታወት የዕድገት ማስረጃ፣ "ጭቃ ቤት" ደግሞ ስድብ ሆኗል። ጎረቤት ተጠራርቶ ጭድና ጭቃ እየረገጠ፣ ቤት ሲመርግ የኖረ አገር የእጁን ሙያ አፈረበት። ጀርመኖች ግን በዳካር ለጎተ የባህል ተቋማቸው ኬሬን ጠርተው በአገሩ አፈር ጡብ አሠሩ። ባለ ገንዘቡ ያላፈረበትን አፈር የአፈሩ ባለቤት የሚያፍርበት ምን ቢያስብ ነው?

ድሃው ጭቃ ቢጠላ አይፈረድበትም፤ እሱ የጠላው በየክረምቱ የሚያፈስ ቤቱን ነው። የሚፈረድበት መሐንዲስ፣ በጀትና ዩኒቨርሲቲ እያለው ጭቃውንም ድንጋዩንም ለማሻሻል ያልሞከረው ባለሥልጣን ነው።

ከኬሬ ሥራ ለማንኛውም ሕዝባዊ ሕንፃ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ሲሠራ ከአካባቢው ሰው ማን ሙያ ይማርበታል? መብራት ሲጠፋ ውስጡ ይቀመጡበታል? ግብሩን የከፈለው ሰው ዘበኛ ሳይመልሰው ይገባበታል? ለኬሬ ማጨብጨብ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚከብደው እነዚህን ሦስቱን በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ ማስፈር ነው። ያን ያላደረገ መንግሥት ጭብጨባውን ቢተው ይሻለዋል።