ቁመቱ የሸፈነው ሙያ

የማኑት ቦል ስም በተነሣ ቁጥር አንዲት ስሌት አብራ ትነሣለች። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤን ቢ ኤ፣ ባሳለፋቸው ዐሥር የውድድር ዘመናት (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 1,599 ነጥብ አስቆጠረ፤ 2,086 ኳስ ደግሞ አከሸፈ (ብሎክ አደረገ)። በሊጉ ለዓመታት ከተጫወቱት መካከል፣ ካስቆጠረው ነጥብ ይልቅ ያከሸፈው ኳስ የበለጠ ሌላ ሰው የለም። ስሌቷ እውነት ናት። የምትነገረው ግን እንደ ቀልድ ነው፤ ተናጋሪው ፈገግ ይላል፣ ሰሚው «እንዴት ሆኖ?» ይላል፣ ወሬውም ወዲያው ወደ ቁመቱ ይዞራል።

ስለዚህ ሰው የጸናው አስተያየት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የትርኢት ሰው ያደርገዋል፦ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲሜትር የሆነ የዲንካ ከብት ጠባቂ፣ ተመልካች እንዲስብ የመጣ፣ እጁን ዘርግቶ ከመቆም ያለፈ ሙያ ያልነበረው። በ1987 የማኑት ቡድን ዋሽንግተን ቡሌትስ 1 ሜትር ከ60 የሆነውን መግሲ ቦግስን ሲያስፈርም ለዚህ አስተያየት ምስል ተገኘለት። ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁለተኛው መልክ ለስለስ ያለ ነው። ማኑትን ገንዘቡን ለወገኖቹ የበተነ ደግ ሰው ያደርገውና ጨዋታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል። እኔ ከፊተኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም በምስጋና የተጠቀለለ ንቀት ለማየት ያስቸግራል። ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ማኑት ረጅም ነበር እንጂ ተጫዋች አልነበረም።

ይህ አስተያየት ለእኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። ረጅም ልጅ ባየን ቁጥር «ቅርጫት ኳስ ተጫወት እንጂ» እንላለን፤ «መጫወት ትችላለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ረጅሙን የዋህ፣ አጭሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው የቆየ ፍርዳችንም ብልሃትን ከቁመት ጋር ላለማስማማት የሚጥር ነው።

ይህን አስተያየት ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ቁመቱን እኩል አድርጎ ሥራውን ማየት ነው። ሩማኒያዊው ጌዮርጌ ሙሬሻን ልክ እንደ ማኑት 2 ሜትር ከ31 ነበር፤ በክብደት ደግሞ እጅግ ይበልጠዋል። በ307 ጨዋታዎች በአማካይ ያከሸፈው አንድ ተኩል ያህል ኳስ ነው። ቻይናዊው ያኦ ሚንግ 2 ሜትር ከ29 ሆኖ አማካዩ ሁለት አልሞላም። ያንኑ ያህል የሚረዝመውና በዚሁ ሥራ የተመሰገነው ሾን ብራድሌይ 2.5 ደረሰ። ማኑት በ624 ጨዋታዎች አማካዩ 3.3 ነው። ያኦ የቡድኑ ዋና አስቆጣሪ ስለነበር ንጽጽሩ ይበድለዋል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የሚደግፈው እኔን ነው። ቁመት ብቻውን የሰውን ሥራ የሚወስን ቢሆን ኖሮ እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ተጫዋች በሆኑ ነበር።

በጨዋታ ሲሰላ በዘመኑ ከነበሩት ማኑትን የሚበልጠው ማርክ ኢተን ነው። የዩታው ኢተን 2 ሜትር ከ24 ነው፤ በ1984/85 ያከሸፋቸው 456 ኳሶች እስከ ዛሬ አልተደረሰባቸውም፤ በጨዋታ አማካዩም 3.5 ነው። ኢተን ግን በአማካይ 29 ደቂቃ ያህል ሜዳ ላይ ይቆይ ነበር፤ ማኑት 19 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለቱንም በ36 ደቂቃ ብናሰላቸው ኢተን ከ4 ጥቂት ከፍ ይላል፣ ማኑት ደግሞ ከ6 ይዘላል። ለቀልድ ከምትነገረው ስሌት ይልቅ መነገር የነበረባት ይህች ናት።

ኳስ ማክሸፍ ምን እንደሚጠይቅ ያልተጫወተ ሰው በቀላሉ አይገባውም። የተወረወረች ኳስ ወደ ቀለበቱ ማሽቆልቆል ከጀመረች በኋላ የነካት ተከላካይ ነጥቡን ለተጋጣሚ ያስረክባል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ኳሷ ከወርዋሪው ጣት ተለይታ ገና ስትወጣ ነው። ቀድሞ የዘለለ በማታለያ ይታለፋል፣ ወይም ሰው ላይ ይወድቅና ጥፋት ይቆጠርበታል፤ የዘገየም ነጥብ ይሰጣል። በመካከል ያለችው ቅጽበት ናት የሙያው ቦታ። ማኑት በ1986 ጥር አትላንታ ላይ፣ በ1987 የካቲት ደግሞ ኢንዲያና ላይ በአንድ ጨዋታ 15፣ 15 ኳስ አክሽፏል። ዐሥራ አምስት ጊዜ ያችን ቅጽበት ማግኘት ዕድል ነው የሚለኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

የዘመኑ ሕግም አልረዳውም። እስከ 2001 ድረስ በኤን ቢ ኤ የቦታ መከላከል ክልክል ነበር፤ ተከላካይ የራሱን ሰው ትቶ ቀለበት ሥር ልቁም ቢል ዳኛው ፊሽካ ይነፋበታል። «እጁን ዘርግቶ ቆመ» የሚሉት ሰዎች ያ አቋቋም በሕግ ይቀጣ እንደነበር ይዘነጋሉ። ማኑት የራሱን ሰው ይዞ፣ የሌላውን ሰው ሩጫ በዐይኑ ተከትሎ፣ ወጥቶ አክሽፎ መመለስ ነበረበት። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1985/86፣ በ80 ጨዋታዎች 397 ኳስ አከሸፈ። የጀማሪ ተጫዋች ክብረ ወሰንነቱ ዛሬም አልተነካም፤ በዚያው ዓመት ከሊጉ ሁለተኛ የተከላካዮች ምርጥ ቡድን ገባ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ደግሞ ጨዋታውን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ነው። አሜሪካ የገባው በ1983 ነው፤ ያኔ እንግሊዝኛው ለትምህርት የሚበቃ አልነበረም። በሁለተኛው ዲቪዚዮን በሚወዳደረው ብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተና በአማካይ 22.5 ነጥብ፣ 13.5 ሪባውንድና 7.1 ብሎክ አስመዘገበ። ነጥብ ማግባት ጭራሽ አያውቅም ማለትም እንግዲህ ትክክል አይደለም። ከፍ ባለው ሊግ ግን ዘጠና ኪሎ ገደማ የሆነው ሰውነቱ ከባዶቹን ሴንተሮች ገፍቶ ቀለበት ሥር መግባት አልቻለም፤ ስለዚህ የሚችለውን ለየና በእሱ ኖረ።

ድክመቱን መሸሸግ አልፈልግም። በአማካይ 2.6 ነጥብና 4.2 ሪባውንድ ለእሱ ቁመት ትንሽ ነው። የሜዳ ውርወራው የተሳካለት ከመቶ 41 ገደማ ነው፤ ቀለበቱ ሥር ለሚውል ሰው ይህ ደካማ ነው። ጉልበተኛ ሴንተር ወደ ኋላ ሲገፋው ቦታውን ይለቅ ነበር። የቡድን ምሰሶ ነበር የሚል ካለ አልከተለውም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፦ በአንድ ጠባብ ሥራ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በደቂቃ ሂሳብ የበለጠ ሰው ባለሙያ ነው፤ ግብ ጠባቂን ጎል አላገባም ብለን አንስቅበትም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። «ሚሊዮኖች አግኝቶ ድኻ ሆነ» የሚለው ትረካ የትርኢት ሰው ከሚያደርገው አስተያየት ጋር ይገጥማል፤ የዋህ ረጅም ሰው ገንዘቡን አባከነ ለማለት ይመቻል። ማኑት ከደመወዙ ብዙውን የሰጠው ለደቡብ ሱዳን ንቅናቄና ከጦርነቱ ለሸሹ ሰዎች ነው። ንቅናቄው እስከ 1991 ድረስ የኋላ ደጀኑ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በጋምቤላ፣ በኢታንግና በፑኝዶ መጠለያዎች የነበረውን ሕዝብ የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሰዋል። አገር ገና ያልሆነን አገር ለመደገፍ የወጣ ገንዘብ ባክኗል ማለት የፖለቲካ ፍርድ ነው፤ የስፖርት ጸሐፊ ሊያሾልከው አይገባም። በ2002 በቴሌቪዥን ቡጢ ከቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ከዊልያም ፔሪ ጋር የገጠመውም ለደቡብ ሱዳን ልጆች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ትርኢቱ አስቀያሚ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን የገባበት ዐውቆ ነው፣ ያሸነፈውም እሱ ነው። ሰኔ 19 ቀን 2010 ቨርጂኒያ ውስጥ ሲያርፍ ዕድሜው በወረቀት 47 ነበር።

አንድ ያልነካሁት ነገር ቀርቷል፤ የሦስት ነጥብ ውርወራው። ይህ የሳቁ ሁሉ ጫፍ ነው። በ1988 ጎልደን ስቴት ሲገባ አሠልጣኙ ዶን ኔልሰን ከመስመሩ ውጭ ቆሞ እንዲወረውር ፈቀደለት። ማኑት ኳሷን ከጭንቅላቱ ኋላ አንሥቶ ወንጭፍ እንደሚወነጭፍ ይለቃት ነበር፤ አዳራሹ በጩኸት ይናጋ ነበር። በዚያ ዓመት 91 ወርውሮ 20 አገባ። ቁጥሩ የሚያኮራ አይደለም። ሆኖም የሚወረውር ሴንተር የተጋጣሚውን ሴንተር ከቀለበቱ ሥር ጎትቶ ያወጣዋል፤ የተጋጣሚው ሴንተር ከወጣ ለፈጣኖቹ ልጆች መንገድ ይከፈታል። ኔልሰን ቀልድ ሳይሆን ቦታ ነበር የሚፈልገው። በዚያው ዓመት ማኑት በ345 ብሎክ ሊጉን መራ፤ ይህን ግን የሚያነሣ የለም። በ1993 መጋቢት ደግሞ ፊላደልፊያ ሳለ፣ የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ቻርልስ ባርክሌይ በሄደበት በፊኒክስ ላይ በአንድ ግማሽ ጨዋታ ስድስት ሦስት ነጥቦች አስቆጠረ።

ልጁ ቦል ቦል በ2019 በ44ኛ ተራ ተመርጦ ኤን ቢ ኤ ገባ። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ15 በላይ ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ሦስት ነጥብ ይወረውራል። አዳራሹ አይስቅም።