ከመግዛት በፊት መመርመር ይቅደም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለሰው ብቻ ሳይሆን ድረ ገጽን ለሚያስተናግደው ኮምፒዩተር፥ ማለት ለሰርቨርም ይሠራል። የፈተና ውጤት በሚገለጽበት ቀን ገጹ አልከፈት ሲል፥ «ሰርቨሩ ደካማ ነው፤ ትልቅ ይገዛ!» የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከመግዛት በፊት መመርመር ይቅደም እላለሁ።

አንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ሰርቨሩ አንሥቶ ይሰጣል። ሌላው ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰናዳል። ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ፒኤችፒ የሚባለው ቋንቋ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ትእዛዙ ይነበባል፤ ቀጥሎ ዳታቤዙ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ይጻፋል።

እንግዲህ ምርመራው በቀላሉ ይጀመር። ከዚያው ሰርቨር አንድ ተራ ሥዕል ይከፈት። ሥዕሉ ፈጥኖ መጥቶ የሚሰናዳው ገጽ ብቻ ከዘገየ፥ ጥፋቱ የመስመሩ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ዳታቤዙ ይታይ። ማይኤስኪውኤል የዘገዩ ጥያቄዎችን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ነገር ግን ካልታዘዘ አይጀምርም፤ ልኩም ካልተለወጠ ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ይጽፋል። ለተፈታኙ ቁጥር ማውጫ ካልተበጀለት፥ አንድ ስም ለማግኘት ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ሦስተኛ፥ ሜሞሪው ይቈጠር። አንዱ ሥራ 50 ሜጋባይት ቢፈልግ፥ 2,000 ሜጋባይት በ40 ሥራ ይሞላል። 100 ሥራ በአንድ ጊዜ ከተፈቀደ ትርፉ ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስክም ከሜሞሪ እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ ሁሉም ይንቀራፈፋል።

ጎብኚው በእውነት ከበዛ ትልቅ ሰርቨር ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሆኖም የተገለጸ ውጤት በየደቂቃው አይለወጥም። ታዲያ ስለ ምን ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ይሰናዳል? እንግዳ በር ሲያንኳኳ ሊጥ ማቡካት የምትጀምር ባለ ድግስ የለችም። አስቀድሞ የተሰናዳ ገጽ ቢቀመጥ ትንሹም ማሽን ብዙ ሰው ያስተናግዳል።

ጉዳዩ የማሽን ብቻ አይደለም። በጥቂት ብር የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ደጋግሞ የሚሞክር ተማሪ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ያልቃል፤ ሙከራውም በሰርቨሩ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ስለዚህ ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፥ ቦርሳ ከመክፈታችን በፊት ሰዓት ይዘን እንለካ።