«ሲፈልግ ይሰማል» የምትሉ፣ እስቲ ስሙኝ

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ደመወዝ፣ ስለተያዘ ፓስፖርትና ስለ ከፊል ነው። ይጻፍ፣ ገና መቼ ተነካና! እኔ ግን ዛሬ የምጣላው ከአንዲት አጭር አነጋገር ጋር ነው። እናት ትላታለች፣ አባት ይላታል፣ ጎረቤት ይላታል፣ የሐዳና አስተማሪዋም በዐረብኛ ትላታለች፦ «ይሄ ልጅ እኮ ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም»።

እኔ ቤይሩት ውስጥ እናቶች ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን በቤቴ የማቆይ ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከልጆች ጋር ሐኪም ቤት የተመላለስኩበት ቀን ብዙ ነው፤ የጆሮ ሐኪሞችንም እስኪሰለቹኝ ጠይቄያለሁ። ስለዚህ አንድ ሕፃን «ሲፈልግ ይሰማል» ከተባለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጠባዩ ሳይሆን ጆሮው ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የሞላው ትንሽ ክፍል አለ፤ መካከለኛው ጆሮ ይሉታል። ድምፅን ወደ ውስጥ የሚያሻግሩት ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ያሉት እዚያ ነው። ይህ ክፍል አየር የሚያገኘው ከአፍንጫ ጀርባ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። የአዋቂ ሰው ቱቦ ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ ቶሎ ይጸዳል፤ የሕፃን ግን አጭር፣ ጠባብና ጋደም ያለ ነው። ጉንፋን ሲይዘው አብጦ ይዘጋል፣ ክፍሉም ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ፈሳሹ ውስጥ ተህዋሲያን ከተባዙ መግል ይሆናል፣ ታምቡሩ ይወጠራል፤ ልጁ ያተኩሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ይህን የማታውቅ እናት የለችም።

የማይታወቀው ሌላው ነው። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ለቅሶው ይቆማል፣ «ተመስገን ዳነ» ይባላል፤ ፈሳሹ ግን እዚያው ይቀራል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሳያመው፣ ከተራ ጉንፋን በኋላ ብቻ ይመጣል። አያተኩስም፣ ከውጭም ምንም አይታይም። ነገር ግን አየር የነበረበት ቦታ ፈሳሽ ሲሞላው ታምቡሩና አጥንቶቹ እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም። ጣቶቻችሁን ጆሯችሁ ውስጥ ከታችሁ ሰው አነጋግሩ፤ ልጁ የሚሰማው እንደዚያ ነው። በመሣሪያ ሲለካ መስማቱ ባብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጮክ ብሎ የተጠራ ስም ይሰማዋል። ከወጥ ቤት የተባለ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ የተባለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ የተባለ ግን ያልፈዋል። በዚያ ላይ ፈሳሹ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ዛሬ ደህና ሰምቶ ነገ ይደፈንበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ከውጭ ሲያዩት ምን ይመስላል? ልክ ሲፈልግ የሚሰማ፣ ሳይፈልግ የማይሰማ ልጅ! ያቺን አነጋገር የጠላኋት ለዚህ ነው። ምልክቱን በትክክል ትናገርና ፍርዱን ትገለብጠዋለች። ልጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ተብሎ ይቆነጠጣል፣ ይገሠጻል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነው እኛ ሆነን ሳለ።

ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶት ጥቂት ቃል ብቻ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ሌላ ፍርድ ይመጣል፦ «ቋንቋ ተቀላቅሎበት ነው»። ይቺኛዋ የተማሩ ሰዎችም አፍ ላይ ስላለች ይበልጥ ታናድደኛለች። አንዲት የማውቃት እናት ልጇን ሐዳና ስታስገባ «ቤት ውስጥ በአማርኛ አታናግሪው፣ ግራ እየገባው ነው» ተባለች። እሷም እሺ ብላ በዐረብኛ ታናግረው ጀመር። የእሷ ዐረብኛ ምን እንደሆነ መቼም ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ «ታዒ»፣ «ጂቢ»፣ «ነድፊ» ነው። ማዳም ስታዛት የሰማችው። እንግዲህ ተረት የምታወራበትን፣ የምታባብልበትን፣ የምትዘፍንበትን ቋንቋ ትታ ወንድ ልጇን በሴት አንቀጽ ታዘው ገባች። ስድስት ወር እንዲህ ተባከነ። በኋላ ሲመረመር በሁለቱም ጆሮው ፈሳሽ ተገኘ። አማርኛውም ዐረብኛውም ያልደረሱት እኩል ነበር።

ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ በአንዱ የሚያውቀው ቃል ለብቻው ሲቆጠር ሊያንስ ይችላል፤ የሁለቱ ሲደመር ግን ከእኩዮቹ ጋር ይስተካከላል። በሁለቱም ወደ ኋላ ከቀረ ግን ቋንቋውን ተዉትና ጆሮውን አስመርምሩ። እናት ቋንቋዋን እንድትተው ከመምከር በፊት የመስማት ምርመራ ማዘዝ ምን ያህል ይከብዳል? የአንድ ሐበሻ ልጅ አፍ ሲፈታ ቢዘገይ ጥፋቱ ወዲያው አማርኛችን ላይ የሚለጠፈው ለምንድን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ። የማዳም ልጅ ጆሮውን ሲነካካ ምን እንደምታደርጊ አስቢ፣ እህቴ። ሙቀቱን ትለኪያለሽ፣ ለማዳም ትደውያለሽ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ሽሮፑ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ አለ፤ የለጠፍሽው አንቺ ነሽ። ጡጦ ስትሰጪው ራሱን ቀና አድርገሽ በክንድሽ ይዘሽ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ተኝቶ የሚጠጣ ልጅ ወተቱ ወደ ጆሮው ቱቦ ይሄዳል ብሎ ነግሮሻል። ይህን ሁሉ እውቀት ይዘሽ ማታ ወደ ራስሽ ልጅ ስትመለሺ ምን ያገኝሻል? ዘይት ውስጥ የፈላ ነጭ ሽንኩርት። «የጥርስ ነው»፣ «ብርድ መቶት ነው»፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚሉ አራት ሰዎች። ከሌላ ልጅ የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ አንቲባዮቲክ። እናቶችን ልወቅስ አይደለም። ማወቁንማ ከማንም በላይ ያውቁታል። የጎደላቸው ሰዓት፣ ገንዘብና ወረቀት ነው። ኢቃማዋ ያለፈባት ሴት መንገድ ላይ ፍተሻ ያጋጥመኛል ብላ ስትፈራ የልጅዋ ጆሮ ለነገ ይባላል፣ ነገም ለሌላ ነገ።

ግን ደግሞ ወረቀት የማይጠይቁ ነገሮች አሉና እነሱን ሳልናገር አላልፍም። ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ የጡት ወተት አታፍስሱ። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካልተበሳ ደግሞ ከታምቡሩ ኋላ ላለው ፈሳሽ ምንም አይፈይድም። ጆሮው ፈንድቶ መግል ሲወጣ ሕመሙ ድንገት ይቆማል፤ ይህን ብዙ ሰው መዳን አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን መግሉ 14 ቀን ካለፈው ሥር የሰደደ በሽታ ሆኗልና ሐኪም የሚያዘው ጠብታ ያስፈልገዋል፤ እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ማድረቅ እንጂ በጥጥ መወተፍ የለም። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ካበጠ፣ ሲነካ ካመመውና ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ደግሞ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ይተወዋል» ብላችሁ እንዳትቀመጡ! ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው ከጆሮ በታች፣ መንጋጋው ላይ ነው። ከጆሮ ጀርባ ያበጠ ልጅ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የሰፈር መድኃኒት ቤቶችንም እንዲሁ አልተዋቸውም። ልጁን ሳያዩ፣ ክብደቱን ሳይጠይቁ፣ «ጆሮውን አመመው» ስትሏቸው አንቲባዮቲክ የሚሸጡ አሉ። ለሕፃን መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው። በትኩሳት የሚጮኽ ልጅ፣ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላው፣ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህንን ጆሮውን በመብራት ያየ ሰው ይወስናል። ያለ ሕመም ለተቀመጠው ፈሳሽ ግን አንቲባዮቲክም ሆነ የጉንፋን ሽሮፕ አይረዳም። በወር ሦስት ጠርሙስ የገዛችበትን ገንዘብ ብትደምረው የመስማት ምርመራ ባስከፈለች።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉ ሽማግሌዎች ይነሡብኛል፣ አውቃለሁ። በከፊል ልክ ናችሁ፤ አብዛኛው ፈሳሽ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም ወዲያው መድኃኒት ሳይሰጥ «እንጠብቅ» የሚለው። ነገር ግን በሐኪም ጥበቃና በዝም ብሎ መቀመጥ መካከል ልዩነት አለ። ሐኪሙ የጀመረበትን ቀን ጽፎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሦስት ወር ሞልቶ ፈሳሹ ካልሄደ መስማቱ ይለካል። ጆሮው በር ላይ ትንሽ ጫፍ ገጥመው አየር የሚሰጡበት ምርመራም አለ፤ ደቂቃ አይፈጅም፣ አያምምም። በሁለቱም ጆሮ ረዥም ጊዜ ቆይቶ መስማቱን ከቀነሰው ልጁን በማደንዘዣ አስተኝተው ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ያደርጉለት ይሆናል፤ ቱቦዋ ባብዛኛው ከወራት በኋላ በራሷ ትወድቃለች። እኛ ግን ቀን አንቆጥርም። ልጁ አፉን የሚፈታበት ዕድሜ ደግሞ እኛን ቆሞ አይጠብቅም።

ስለ መከላከል ባጭሩ ልበል። ጡት መጥባት ይጠብቃል፤ ሥራ ለማይለቃት እናት ይህን መስበክ ግን አልወድም። የትምባሆና የአርጊሌ ጭስ ሕፃን ካለበት ክፍል ይውጣ፤ እሑድ እሑድ ለቡና ስንሰበሰብ የማየውን እኔ ነኝ የማውቀው። ክትባት አታጓድሉ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ የሚባለው ተህዋስ ከዋነኞቹ የጆሮ መራዦችም አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያ እንኳ ክትባቱን የጀመረችው በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት ከሕፃናት የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው ብሏል።

አሁን የማኅበራችንን ሰዎች ላስቀይም ነው። አንድ ወገን ሲሞት አስከሬኑን አገሩ ለማድረስ በሁለት ቀን እናዋጣለን። ይህ ክብራችን ነው፣ አንድም ሊራ አይጉደልበት። ነገር ግን ለሕያው ልጅ ጆሮ አዋጥተን እናውቃለን? የአንዱ አስከሬን ወጪ ስንት ልጅ እንደሚያስመረምር የሒሳብ ሹማችን ቁጭ ብሎ ያስላልን። ልጆቻችን ሞተው እስኪመጡ ድረስ በጀት የላቸውም ማለት ነው?

ከአሠሪዎች የምንጠይቀውም አለ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ አስወጥቷታል። ስለዚህ ልጇን ሐኪም ጋ የምትወስድበት ግማሽ ቀን በማዳም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዕረፍት አለን የምንል እንኳ ዕረፍታችን እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ መስተውሰፉ ዝግ ነው። ስለ ውል በሚደረገው ክርክር ሁሉ ማኅበራችን «የሳምንት አንድ ቀን» እያለ ይጮኻል፤ ደግ ነው። እኔ የምለው በሥራ ቀን የሚውል፣ ለሐኪም ቤት የሚሆን ግማሽ ቀን አብሮ ይጻፍ ነው። የማዳምን ልጅ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሐኪም ጋ የምትወስድ ሴት የራሷን ልጅ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብትወስድ ሰማይ አይደፋም።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር አስመዝግቤያለሁ፦ ለልጆች የመስማት ምርመራ የሚሆን ሣጥንና፣ ዐረብኛ የሚችሉ አባሎች በተራ እናቶችን አጅበው የሚሄዱበት ዝርዝር። የምትቃወሙ መጥታችሁ ፊት ለፊት ተቃወሙኝ።

እስከዚያው በዚህ ሳምንት መሄድ የምትችሉ ሂዱ። መጀመሪያ ቤታችሁ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ስሙን ዝግ ባለ ድምፅ ጥሩት፤ በሌላ ቀንም ድገሙት። ቢዞርም «ይሰማል» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ካልዞረ ግን አትቆዩ። ጉንፋኑ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ጊዜ አንቲባዮቲክ እንደወሰደ፣ በአማርኛም በዐረብኛም የሚላቸውን ቃላት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ጉሮሮውን ብቻ አይቶ ሊሸኛችሁ ከሆነ ከወንበሩ አትነሡ። የምትጠይቁት «ፈሕስ ሰመዕ» ይባላል።