በዝናብ ቀን በበርገን ወደብ

የተሳፈርንባት መርከብ በማለዳ በርገን ወደብ በደረሰች ጊዜ ከተማይቱ በጉም ተሸፍና ነበረች። በዚህች የኖርዌይ ከተማ በዓመት ከ200 ቀን የሚበልጥ ዝናብ ይዘንባል፤ ሕዝቧም ለዝናብ ብሎ ሥራውን አያቋርጥም። የአገራችን የክረምት ዝናብ በነጐድጓድ መጥቶ፥ ወርዶ ያባራል፤ የበርገን ግን ድምፅ ሳያሰማ ከጧት እስከ ማታ ያካፋል። ጃንጥላችንም ብዙ ሳይቆይ በነፋስ ተገልብጦ ተሰበረ።

በገመድ በሚሳበው ባቡር ወደ ፍሎየን ተራራ ለመውጣት አስበን ነበር፤ ተራራው ራሱ አልታይ ስላለን ተውነው። በወደቡ ዳር ያሉትን ብሪገን የሚባሉትን የእንጨት ቤቶች ግን አየን። ከ1360 ገደማ ጀምሮ (ዓመቶቹን ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) የጀርመን ነጋዴዎች እህል እያመጡ፥ ደረቅ ዓሣ እየገዙ የኖሩበት ሰፈር ነው። በ1702 በቃጠሎ ጠፍቶ በቀድሞው መልክ እንደ ገና ተሠራ። ቃጠሎ ስለሚፈራ በመኖሪያ ቤቶቹ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ ነጋዴዎቹም ሚስት ማግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። በእንዲህ ያለ ብርድ ያለ እሳትና ያለ ሚስት መክረማቸው አስደነቀን።

ዝናቡ በበረታ ጊዜ መጠጊያ ፈልገን፥ ዛሬ ሙዚየም ወደ ሆነው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ገባን። ይህ ስፍራ ከ1400ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ነበረ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን በ1946 ዐረፉ። እጅግ በጠበቡት ክፍሎች ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይኖሩ ነበር።

አብረውን የሚጓዙ አንዲት ወይዘሮ እዚህ ስንደርስ ዝም አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የወንድማቸው ሴት ልጅ ታጭታ ሳለች የእጮኛዋ አያት ይህ ደዌ ነበረባቸው ተባለ። ወንድማቸውም ሠርጉን አግደው፥ «ምን ትመክሪኛለሽ?» ብለው ጽፈውላቸዋል። መልሱን ገና አልሰጡም ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ደዌው በዘር ይወርዳል ይሉ ነበር፤ ከነዚህም ዋነኛው የበርገኑ ሐኪም ዳንየልሰን ነው። ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 የዚህን ሐኪም ልጅ አገባ፤ በዚያው ዓመት የበሽታውን ተሕዋስ በአጉሊ መነጽር አይቶ የአማቱን ትምህርት አፈረሰ። ሚስቱ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐንሰንንም ቢሆን በኹሉ አናመሰግነውም፤ ያለ ፈቃዷ በአንዲት ታማሚ ዓይን ላይ ሙከራ ስላደረገ ፍርድ ቤት በ1880 ከሆስፒታል ሹመቱ ሽሮታል።

በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል አጠገብ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም የተጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። ይህን በነገርናቸው ጊዜ ወይዘሮዋ፥ «በበሩ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!» አሉ። ቀጥለውም ስለ መድኃኒቱ ጠየቁን። ከ1982 ወዲህ በሚሰጠው የተጣመረ መድኃኒት በሽተኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንደሚድን፥ ደዌውም ከአያት ለልጅ ልጅ በደም እንደማይወርድ አስረዳናቸው። እሳቸውም ደግመን እንድንናገር አደረጉን።

ወደ መርከቢቱ በተመለስን ጊዜ ልብሳችን ርሶ ነበርና ኹላችን ወደየክፍላችን ሄድን። ወይዘሮዋ ግን የራሰውን ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ለወንድማቸው ይጽፉ ጀመር። መርከቢቱ ከወደቡ ስትነሣ ገና አልጨረሱም ነበር።