ከማጉላት በፊት ፓራላክስ

ቀለሁ ጠርዙ ላይ ተመትቶ ለሚተኩስ የ5.6 ሚሊ ሜትር የዒላማ ጠመንጃ መነጽር የሚመርጥ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ግን ቅድሚያ የሚገባው ጥያቄ ፓራላክሱ ለየትኛው ርቀት ተስተካክሏል የሚለው ነው። ለትልልቅ ጠመንጃዎች የሚሠሩ በርካታ መነጽሮች ለ100 ሜትር ገደማ የተስተካከሉ ሲሆኑ፣ የዚህ ጠመንጃ የተለመደ ዒላማ የሚቆመው በ50 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የዒላማው ምስልና መስቀለኛው መስመር በአንድ ጠለል ላይ አያርፉም፤ ዓይን ከመሐል ፈቀቅ ሲል መስመሩ በዒላማው ላይ ይንሸራተታል። የፊት ሌንሱ ዲያሜትር 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስሕተቱ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የዓለም አቀፉ ዒላማ የአሥር ነጥብ ክብ ዲያሜትር ደግሞ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ማጉላቱ ቢጨምር ይህ ጣሪያ ዝቅ አይልም። ስለዚህ ፓራላክሱ የሚስተካከል ባለ 10 እጥፍ መነጽር ከማይስተካከል ባለ 24 እጥፍ ይሻላል እላለሁ።