የሐረና ደን፦ ከደመና ውኃ የሚቀዳ ጫካ

 

የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» ብዙውን ጊዜ መልሱ ወይ ዘመድ ቤት ነው፣ ወይ ሐይቅ ዳር ምሳ በልቶ መመለስ ነው። ዘመድ መጠየቁ ይቅደም። ነገር ግን አቅሙና ጊዜው ላላቸው ቤተሰቦች፣ በተለይም ተሰባስበው ለሚጓዙ ወጣቶች፣ በዚህ ወር ዓምዳችን አንድ ሌላ ቦታ እንጠቁማለን። እርሱም በባሌ የሚገኘው የሐረና ደን ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ሰው ፓርኩን የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በደጋ አጋዘኑ ነው። ከሳነቴ አምባ በስተደቡብ ቁልቁል የተዘረጋውን ደን ግን ያየው ጥቂት ነው።

የደመና ደን ምንድን ነው?

ከደቡብ በኩል የሚመጣው እርጥበት ያዘለ አየር ከባሌ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ጉም ይሆናል። ጉሙ በደኑ ውስጥ ሲያልፍ በቅጠሉ፣ በቅርንጫፉና ከዛፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም በተንጠለጠለው ሽበት ላይ ይጤዛል። ከዚያም ጠብ ጠብ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ዝናብ በማይዘንብበት ቀን እንኳ ከዛፎቹ ሥር መሬቱ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ዛፉ ከተቆረጠ ግን ጉሙ የሚያርፍበት አጥቶ ያልፋል።

ይህ ነገር ለባሌ ሰው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። የወልመል ወንዝ ሐረናን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርድና ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል። ከእነዚሁ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ ደግሞ ብዙዎቻችን በስም የምናውቀውን የሶፍ ዑመር ዋሻ አቋርጦ ያልፋል። ከባሌ የሚነሳው ውኃ በቆላው ለሚኖረው አርብቶ አደርና ድንበር ተሻግሮም ለሶማሊያ ሕዝብ መጠጥና እርሻ ነው።

መንገዱ

ከጎባ ከተማ የሚነሳው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የሳነቴ አምባ ያወጣል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የሚገኘውም እዚያው ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ራስ ምታትና ድካም ሊያጋጥም ይችላልና ሕፃናትና አረጋውያንን ይዞ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ጎባ አድሮ ሰውነቱን ቢያለማምድ ይመረጣል። ከአምባው መጨረሻ መንገዱ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታው፣ ቀጥሎ በሪራ መንደር አካባቢ ትልልቁ ኮሶ፣ ከዚያም ቀርከሃው ይመጣል። ዝቅ ሲባል ዝግባና ዋርካ፣ ከሥራቸውም ማንም ያልተከለው ጫካ በቀል ቡና ይገኛል። ለእግር ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ይመቻሉ። ከመሄድ በፊት ግን ስለ መንገዱና ስለ መግቢያው ዲንሾ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ የአካባቢ መሪም መያዝ ያስፈልጋል።

ወፎችን እንዴት እንይ?

ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድ ነው። የፈጅርን ሶላት ሰግዶ ለማይተኛ ቤተሰብ ይህ አይከብደውም። ነጩ ጀለቢያና ደማቁ ሻርፕ ለዒድ ይቆዩ፤ ለደን አረንጓዴና ቡናማ ልብስ ይሻላል። ስልክና ቴፕ ይዘጋ፤ ነሺዳም ቢሆን ለመኪናው ይተው። ከመራመድ ይልቅ ፍሬ ካፈራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብዙ ያሳያል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ለ5 ደቂቃ ያዳምጡ፤ አዲስ ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፉ። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ ማለት አያስፈልግም።

ቱራኮ የሚባለው አረንጓዴ ወፍ ቅጠል ውስጥ ሲቀመጥ አይለይም፤ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ ያለበት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ግንባሩ ቢጫ የሆነውን በቀቀንም እዚሁ ማየት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ለቤተሰብ የሚነገር ታሪክ ያለው በጉንጩ ብርማ፣ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመው ትልቁ ወፍ ነው። እናትየው ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። አባትየው ከ3 ወር በላይ ለእርሷና ለጫጩቶቹ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ ያቀብላል። አንድ ቀን ቢያቋርጥ የሚራበው ቤተሰብ ነው። በየሄደበት የሚጥለው ዘር ደግሞ ነገ ዛፍ ይሆናል። ነገሩን ልብ በሉ፦ ቀዳዳ ያለውን አሮጌ ዛፍ «የማይጠቅም ነው» ብሎ የቆረጠ ሰው የዚህን ወፍ ቤት አፈረሰ፤ ወፉ ሲጠፋ ዘሪው ጠፋ፤ ደኑ ሲሳሳም ከጉሙ የሚቀዳው ውኃ ቀነሰ።

አደጋው

ሐረና ሥጋት ያለበት ደን ነው። ለእርሻና ለሰፈራ ይመነጠራል። ለቡናው ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ከሥር ያለው ቡቃያ ሲታጨድ ትልልቆቹን ዛፎች የሚተካ አይገኝም። ከሁሉም የከፋው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ወራት በባሌ ደኖች የተነሳው ሰደድ እሳት ለሳምንታት ሲነድ፣ ከገበሬው ጋር ወታደሮችና ተማሪዎች ጭምር ዘምተው ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣቶች እሳት ለማጥፋት ሄዱ። የዛሬዎቹ እሳቱ ሳይነሳ ቢሄዱ አይሻልም ወይ?

ጎብኚ ምን ይጠቅማል? የሚባል ከሆነ፣ መልሱ በሪራ ነው። የመሪነት ክፍያ፣ የጫካ ማርና ቡና ሽያጭ ለነዋሪው ገቢ ሲሆን፣ ቆሞ ያለው ዛፍ ከተቆረጠው የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ማሩን ስትገዙ ዋጋ አታስቀንሱ። በደኑ ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ አንድ ደብተር ግዙላቸውና ያዩትን ወፍ ቀኑን፣ ቦታውንና መልኩን ይጻፉበት። የተጻፈ አይረሳም።

አላህ ያየነውን የምናስተውል፣ የተሰጠንንም አደራ የምንጠብቅ ያድርገን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም።